ውጥረት በበረራ ክፍል ውስጥ፦ አብራሪው ስለ ራሱ የማይናገረው

ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ በአዘዞ በሚገኘው የአጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ቆሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውሮፕላን የሚመለከት ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በክንፉና በጎማው ላይ ነው፤ ጆሮው የሚያዳምጠውም የሞተሩን ድምፅ ነው። ከፊት ባለችው ጠባብ ክፍል ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ትናንት ማታ በስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ከቤታቸውስ ምን ሐሳብ ይዘው እንደወጡ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። አውሮፕላኑ በየጊዜው ይፈተሻል፤ ሽቦውና ብሎኑ ሳይቀር በመዝገብ ይያዛል። የአብራሪውም ልብ፣ ዓይንና ጆሮ ይመረመራል። አእምሮው የሚመረመረው ግን በአብዛኛው ራሱ አብራሪው በሚሰጠው መልስ ነው። ከዚህ የተነሣ የአቪዬሽን ሕክምና በቀላሉ የማይፈታ ችግር ገጥሞታል፦ እውነቱን የተናገረ አብራሪ ከበረራ ሊታገድ ይችላል፤ የደበቀው ግን መብረሩን ይቀጥላል።

በዚህ ጽሑፍ በቅድሚያ ውጥረትና ድካም በሰው አካል ውስጥ እንዴት እንደሚሠሩ እንመለከታለን። ቀጥሎ በአገራችን አየር መንገድ ከደረሱ ክስተቶች ጥቂቶቹን እናነሣለን። በመጨረሻም ከላይ ወደ ጠቀስነው ችግር እንመለሳለን። አብራሪ የመሆን ምኞት ያላቸው ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ ብዙ በመሆናቸው ጉዳዩ ለአንባቢዎቻችን ሩቅ አይደለም።

ለመሆኑ ውጥረት ምንድን ነው?

ቃሉ «ወጠረ» ከሚለው ግስ የተገኘ ነው። ቆዳ በከበሮ ላይ ይወጠራል፤ ጅማት በክራር ላይ ይወጠራል። የፊዚክስ ተማሪም ቃሉን የሚያውቀው ከገመድና ከተንጠለጠለ ክብደት ጋር አያይዞ ነው። በሕክምናው ዓለም ሐሳቡን ካስፋፉት አንዱ ሐንስ ሰልዬ የተባለው ተመራማሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ባወጣው አጭር ጽሑፍ አይጦች ብርድም ይሁን ቁስል ወይም መርዝ ሲደርስባቸው አካላቸው የሚሰጠው ምላሽ በመሠረቱ ተመሳሳይ መሆኑን አስረዳ። ኋላም ይህን ምላሽ የሰየመው ከፊዚክስና ከምሕንድስና በተወሰደ ቃል ነው። ስለዚህ የአማርኛው አጠራር ከሳይንሳዊው ስያሜ ጋር መግጠሙ በአጋጣሚ ብቻ አይመስልም፤ ሁለቱም ከተሳበ ነገር የተነሡ ናቸው።

ምላሹ ሁለት መንገዶች አሉት። አንደኛው ፈጣን ነው። አደጋ ሲታይ ትእዛዙ በነርቭ በኩል ከኩላሊት በላይ ወደተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች ይደርስና በሰከንዶች ውስጥ አድሬናሊን ወደ ደም ይረጫል። ልብ በፍጥነት ይመታል፤ ትንፋሽ ይቀለጥፋል፤ የዓይን ብሌን ይሰፋል። ሁለተኛው መንገድ ዘገምተኛ ነው። በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪም ለአድሬናል ዕጢዎች በሆርሞን አማካይነት መልእክት ያስተላልፋል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞን ከፍ ይላል። ኮርቲዞል በደም ውስጥ ያለውን ስኳር አሳድጎ ለአካል ጉልበት ያዘጋጃል። አደጋው ሲያልፍ ሁሉም ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ችግር የሚፈጠረው ሳይመለስ ሲቀር፣ ማለትም ሰውየው በየዕለቱና በየሳምንቱ እንደተወጠረ ሲኖር ነው። ያን ጊዜ እንቅልፍ ይታወካል፤ ትውስታ ይዳከማል፤ የሰውነት የመከላከል ኃይል ይቀንሳል፤ ለድባቴም በር ይከፈታል።

ይሁንና ውጥረት ሁሉ ጎጂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮበርት የርክስና ጆን ዶድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ አስቸጋሪ የሆነ ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚቀልለው ማነቃቂያው መካከለኛ በሆነ ጊዜ መሆኑን አሳዩ። በጣም ሲያንስም፣ በጣም ሲበዛም ትምህርቱ ይዘገያል። ከበሮውን ያስታውሷል፤ የላላው አይጮህም፣ ከልክ በላይ የተወጠረው ይቀደዳል። ለማረፍ የተዘጋጀ አብራሪ የልብ ምቱ ከፍ ማለቱ ጤናማ ነገር ነው። በአንጻሩ ለሰዓታት በአውቶፓይለት እየተመራ፣ ከፊቱ ጨለማ ብቻ እያየ የሚጓዝ አብራሪ የሚያሰጋው የውጥረት ማነስ ሊሆን ይችላል።

የጎንደር አየርና የአብራሪው ሥራ

የአውሮፕላን ማረፊያችን በግምት 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ላይ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሣው አየርን በመግፋት በመሆኑ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በበለጠ ፍጥነት መሄድ ግድ ይላል። ስሌቱ ለፊዚክስ ተማሪ ቀላል ነው። የማንሻው ኃይል ከአየሩ እፍጋትና ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ እፍጋቱ ወደ 0.82 ሲወርድ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ፀሐይ የበረታ እንደሆነ ደግሞ አየሩ የበለጠ ይሳሳል። በአብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ የሚያሳየው ቁጥር በባሕር ዳርቻ ከሚያየው የማይለይ ቢሆንም፣ መሬቱ ግን ከሥሩ በፍጥነት ያልፋል፤ ማኮብኮቢያውም ቶሎ ያልቃል። በሌላ አነጋገር፣ ደጋ ላይ የሚያርፍ አብራሪ የሚያስብበት ጊዜ ያንሰዋል።

በዚህ ላይ ተራሮች አሉ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ዳሽን ያለበት የሰሜን ተራሮች ሰንሰለት ይገኛል። በክረምት ደመናው ዝቅ ብሎ ኮረብታዎቹን ይሸፍናል፤ ከሰዓት በኋላም ነጎድጓድ ይበዛል። የአገር ውስጥ በረራ አብራሪ በአንድ የሥራ ቀን ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ብዙ ጊዜ ሊያርፍ ይችላል፤ ከበረራ ሁሉ ጥንቃቄ የሚሻው ደግሞ መነሣትና ማረፍ ነው። ባለፉት ዓመታት ሰላም መታጣቱም የራሱን ጫና አክሏል። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የጎንደርና የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች የሮኬት ጥቃት ዒላማ ሆነው ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻም በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

በነገራችን ላይ አብራሪዎች በ11,000 ሜትር ከፍታ ሲበሩ የሚተነፍሱት አየር ከጎንደር ነዋሪ ብዙም አይለይም። በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ የሚጠበቀው የአየር ግፊት ቢያንስ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲስተካከል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጎንደር ከተማ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እንዲያውም ከዳባት ወይም ከደባርቅ መጥቶ የተሳፈረ ሰው በሰማይ ላይ የሚያገኘው አየር ከቤቱ አየር የወፈረ ሊሆን ይችላል። በባሕር ዳርቻ ላደገ አብራሪ ግን ይህ ስስ አየር ለረጅም ሰዓት ሲተነፈስ ድካምን ከሚያባብሱ ነገሮች አንዱ ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋት

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አብራሪን የሚጎዳው የእንቅልፍ ጉዳይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ።

እንቅልፍን የሚያዙ ሁለት ሥርዓቶች አሉ። አንደኛው እንደ ዕዳ ያለ ነው። አንጎል ነቅቶ በሠራ ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር ይከማቻል፤ ሲከማች እንቅልፍ ይጫናል፤ ስንተኛ ይጠራል። ቡና የሚያነቃን በውስጡ ያለው ካፌይን የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ ስለሚይዝበት ነው። ዕዳው ግን አልተከፈለም፤ የባለ ዕዳው ድምፅ ብቻ ታፍኗል። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከአካላችን ለመውጣት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ለሌሊቱ በረራ የተጠጣው ቡና በማግስቱ ጠዋት የአብራሪውን እንቅልፍ ሊነሣ ይችላል።

ሁለተኛው ሥርዓት የአካል ሰዓት ነው። ከዓይን የሚመጡ ነርቮች ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ ወደ 20,000 የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች ተሰብስበው ይገኛሉ። እነዚህ ሴሎች ብርሃንን እየተመለከቱ የሰውነት ሙቀትን፣ ሆርሞንንና ንቃትን በ24 ሰዓት ዑደት ያዞራሉ። ኢትዮጵያውያን ሰዓታችንን ከንጋት ጀምረን መቁጠራችን ለዚህ የአካል ሰዓት የሚመች ልማድ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀትና ንቃት ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳሉ። በዚህ ጊዜ የነቃ ሰው በቂ ቢተኛም እንኳ ፍርዱ ይዘገያል።

የአካል ሰዓት በጉዞ ሲዛባ የሚስተካከለው በቀን በግምት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ቤጂንግ የደረሰ አብራሪ የ5 ሰዓት ልዩነት ያጋጥመዋል፤ ዋሽንግተን የደረሰው ደግሞ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት። አካሉ ከአዲሱ ቦታ ጋር ሳይስማማ የመልሱ በረራ ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ መጓዝ ወደ ምዕራብ ከመጓዝ የበለጠ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው የአካል ሰዓት በተፈጥሮው ከ24 ሰዓት ትንሽ ስለሚረዝም፣ ቀንን ማርዘም ከማሳጠር ይቀልለዋል።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስላ። አንድ አብራሪ ጠዋት በ1 ሰዓት ከእንቅልፉ ተነሣ እንበል። ቀኑን ልጆቹን ትምህርት ቤት በማድረስና የቤት ጉዳይ በመፈጸም አሳለፈ፤ ከሰዓት በኋላ ለመተኛት ቢጋደምም እንቅልፍ አልወሰደውም። ማታ 4 ሰዓት ለሥራ ሪፖርት አደረገ፤ በ5 ሰዓት ተነሣ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለማረፍ ይዘጋጃል። በሥራ መዝገብ ላይ የሚታየው የሥራ ጊዜ 7 ሰዓት ነው፤ ለማንም የሚያሰጋ አይመስልም። በአካሉ መዝገብ ላይ ግን 22 ሰዓት ነቅቷል። እ.ኤ.አ. በ1997 ድሩ ዶውሰንና ካትሪን ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ«ኔቸር» ባሳተሙት ጥናት፣ 17 ሰዓት ያለ እንቅልፍ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚተካከል አሳይተዋል። የምሳሌያችን አብራሪ ይህን ወሰን ያለፈው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ገና ከተነሣ በ1 ሰዓት ውስጥ ነው። የሚያርፈውም የአካል ሰዓቱ ወደ ታችኛው ነጥብ በወረደበት ጊዜ ነው። ጠጥቶ የመጣ አብራሪ ቢሆን ኖሮ ወደ በረራ ክፍሉ ባልገባ ነበር።

የሕጉ ጉድለት እዚህ ላይ ይታያል። በአውሮፓ ሕግ አንድ አብራሪ በ28 ተከታታይ ቀናት ከ100 ሰዓት በላይ፣ በአንድ የዘመን አቆጣጠር ዓመት ደግሞ ከ900 ሰዓት በላይ እንዳይበር ተወስኗል። በሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ገደብ አለ። ሰዓትን መቁጠር አስፈላጊ ቢሆንም ሰዓቱ የትኛው የሌሊት ክፍል ላይ እንደዋለ ካልታየ ቁጥሩ ግማሽ እውነት ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አየር መንገዶች የድካምን አደጋ በሳይንሳዊ መረጃ እየለኩ የሚቆጣጠሩበት ሥርዓት እንዲዘረጉ መንገድ የከፈተው በዚህ ምክንያት ነው።

ናሳም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት፣ በረጅም በረራ መካከል በተራ የ40 ደቂቃ ዕረፍት የተሰጣቸው አብራሪዎች በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል እንደተኙና ከዚያ በኋላ ዕረፍት ካላገኙት ይልቅ ንቁ ሆነው እንደተገኙ አረጋግጧል። አንዳንድ አገሮች ይህን ዓይነቱን፣ ባልደረባ እየጠበቀ የሚደረግ አጭር እንቅልፍ ፈቅደዋል፤ አሜሪካ ግን ጥናቱ የራሷ ሆኖ ሳለ ለመንገደኛ አየር መንገዶቿ አልፈቀደችም። መንገደኛው «አብራሪው ተኝቷል» የሚለውን ቃል መስማት ስለማይወድ ይሆናል። ሁለቱም ሳያውቁት ከሚተኙ አንዱ አውቆ ቢተኛ ግን ይሻላል።

ከአገራችን በረራዎች

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን መውረድ በሚገባው ቦታ ሳይወርድ፣ በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ በቦሌ ማኮብኮቢያ አናት ላይ አለፈ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩም መልስ አላገኙም። በወቅቱ የወጡ የአቪዬሽን ዘገባዎች እንደገለጹት ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር፤ የቀሰቀሳቸውም አውቶፓይለቱ ሲቋረጥ የጮኸው ማስጠንቀቂያ ነው። አውሮፕላኑ ዞሮ ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በደኅና አረፈ። አየር መንገዱ ግንኙነቱ ተቋርጦ እንደነበር አረጋግጦ፣ ምርመራ እስኪደረግ ድረስ የበረራ ሠራተኞቹን ከሥራ ማገዱን አስታወቀ። ብዙ ሰው በዚህ ዜና ሳቀ፤ ብዙ ሰውም ተቆጣ። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ ከዚያ በረራ በፊት «ዛሬ ደክሞኛል፣ መብረር አልችልም» ማለት ለአንድ አብራሪ ምን ያህል ቀላል ነገር ነው?

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት የደረሰው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከቤይሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የበረራ ቁጥር 409 አውሮፕላን በነጎድጓዳማ አየር ውስጥ ከተነሣ ከደቂቃዎች በኋላ ሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ወድቆ 90 ሰዎች ሁሉ አለቁ። የሊባኖስ መርማሪዎች ባወጡት የመጨረሻ ዘገባ አደጋው የደረሰው አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን በአግባቡ ባለመቆጣጠራቸው ነው ብለው ደመደሙ፤ የሥራ ጫናና ውጥረት ተደራርበው ዋናውን አብራሪ ያለበትን ሁኔታ እስከመሳት አድርሰውት ሊሆን እንደሚችል፣ ረዳቱም ይህን ዐውቆ ጣልቃ እንዳልገባ ገለጹ። የኢትዮጵያ ወገን ድምዳሜውን አልተቀበለም፤ የመርማሪዎቹን ማስረጃ አያያዝም ነቅፏል። ክርክሩን እዚህ ላይ መዳኘት አንችልም። ነገር ግን ዘገባው ያነሣው ነጥብ ለሥነ ልቦና ተማሪ ሊታለፍ የማይገባው ነው። ሰው በውጥረት ብዛት ዐይኑ ተከፍቶ፣ እጁ መሪው ላይ ሆኖ፣ አእምሮው ግን ሊቆም ይችላል። በዚህ ጊዜ ሊያድነው የሚችለው ከጎኑ ያለው ሰው ነው። ታላቅን ማክበር በጨዋነት በሚቆጠርበት ባህላችን ደግሞ ወጣቱ ረዳት አዛውንቱን «ተሳስተዋል፣ መሪውን ልያዝ» ማለት ይከብደዋል። የአብራሪዎች ሥልጠና ከሚደክምባቸው ነገሮች አንዱ ይህን ይሉኝታ ከበረራ ክፍል ማስወጣት ነው።

ይሁንና ጣትን ሁልጊዜ ወደ አብራሪው መቀሰር አይገባም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀውና 157 ሰዎችን የፈጀው የቦይንግ 737 ማክስ አደጋ ለዚህ ምስክር ነው። አውሮፕላኑ ገና ከመሬት እንደተነሣ አንድ የተበላሸ መለኪያ የተሳሳተ መረጃ በመስጠቱ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የፍጥነትና የከፍታ ቁጥሮች አልስማማ አሉ፤ ቀጥሎም ኮምፒውተሩ አፍንጫውን በተደጋጋሚ ወደ መሬት ደፋው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አምራቹ ስለ አብራሪዎች ምላሽ የያዘው ግምት ብዙ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ሲደራረቡ የሰው አእምሮ ምን እንደሚሆን ያላገናዘበ ነበር ሲል አመለከተ። እነ ሰልዬ ያጠኑት ውጥረት በዚህ ጊዜ የምሕንድስና ጥያቄ ሆነ።

ዝምታው

እስካሁን የተናገርነው ስለ ድካምና ስለ ድንገተኛ ውጥረት ነው። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀስ በቀስ የሚመጣው የአእምሮ ሕመም ነው።

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ሮም ይበር በነበረው የበረራ ቁጥር 702 አውሮፕላን ዋናው አብራሪ ወደ መጸዳጃ ሲወጣ ረዳቱ በሩን ከውስጥ ቆልፎ አውሮፕላኑን ወደ ጄኔቫ ወሰደው። 202 ሰዎች ተሳፍረው ነበር፤ አንድም ሰው አልተጎዳም። (የስዊዘርላንድ አየር ኃይል በዚያ ዘመን የሚሠራው በመሥሪያ ቤት ሰዓት ብቻ ስለነበር አውሮፕላኑን ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች ናቸው።) ረዳት አብራሪው በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ። የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በ2007 ዓ.ም. በሌለበት የ19 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደበት። የስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ግን በሐኪሞች ምርመራ ላይ ተመሥርቶ ድርጊቱን የፈጸመው በከባድ የአእምሮ ሕመም ውስጥ ሆኖ በመሆኑ በወንጀል ተጠያቂ እንደማይሆን ወስኖ ሕክምና እንዲያገኝ አዘዘ። አንዱን ድርጊት አንዱ አገር በወንጀል፣ ሌላው በሕመም ተመለከተው። ከሁለቱም ውሳኔ በፊት ግን የማይመለስ አንድ ጊዜ ነበረ፤ ሕመሙ የጀመረበትና ያላንዳች እርዳታ ያደገበት ጊዜ።

ከዚህ ክስተት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 15 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ የጀርመንዊንግስ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ በተመሳሳይ ሁኔታ በሩን ቆልፎ አውሮፕላኑን ከአልፕስ ተራራ ጋር አጋጨው፤ 150 ሰዎች ሞቱ። የፈረንሳይ መርማሪዎች እንደደረሱበት፣ ሐኪሞች ሥራ እንዳይሠራ የጻፉለትን ወረቀት ለአየር መንገዱ አላቀረበም ነበር። ፈቃዱን ማጣት ማለት ገቢውን ማጣት እንደነበርም ዘገባው አመልክቷል። በዚህ ቦታ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያጤን እንፈልጋለን። ድባቴ ከያዛቸው ሰዎች እጅግ በጣም ብዙዎቹ በማንም ላይ ጉዳት አያደርሱም፤ የሚጎዱት ራሳቸው ናቸው። የጀርመኑን ክስተት የድባቴ መለያ አድርጎ መውሰድ ሌሎች ሕሙማንን የበለጠ ወደ ዝምታ ይገፋል።

ዝምታው ምን ያህል ሰፊ ነው? የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ስማቸውን ሳይገልጹ መልስ ከሰጡ 1,848 አብራሪዎች መካከል 12.6 በመቶው የድባቴን መለኪያ አሟልተው ተገኙ፤ 4.1 በመቶዎቹ ደግሞ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ራሳቸውን የመጉዳት ሐሳብ እንደነበራቸው ተናገሩ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ በሥራ ላይ የነበሩ አብራሪዎች ናቸው። ለሐኪም ያልተናገሩትን የተናገሩት ስማቸው ስላልተጠየቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ሌላ ጥናት ከ3,765 የአሜሪካ አብራሪዎች 56.1 በመቶው ፈቃዳቸውን እንዳያጡ በመስጋት ከሕክምና የሸሹበት ጊዜ እንዳለ ገልጸዋል። ከእነዚህ ቁጥሮች የምንረዳው አብራሪዎች ከሌላው ሰው የባሰ ሕመምተኞች መሆናቸውን አይደለም። ከሌላው ሰው ይልቅ የመደበቅ ምክንያት ያላቸው መሆናቸውን ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ለዚህ የመደበቅ ምክንያት ሌላ ይጨመርበታል። በጎንደር ደጋ የአእምሮ ሕመም በልክፍት፣ በዛር ወይም በዓይነ ጥላ ሲተረጎም የኖረ ነው። ቤተሰብ በሽተኛውን ወደ ጸበል ይወስዳል፤ ለጎረቤት ግን «ራሱን አሞት ነው» ይላል። ጸበሉን የምንነቅፍበት ምክንያት የለንም፤ ሕመምተኛው ብቻውን አለመሆኑን የሚያይበት ቦታ ነውና። የሚያሳዝነው ወደ ሐኪም የሚወስደው መንገድ የሚጀመረው ከዓመታት በኋላ መሆኑ ነው፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት እያለ። ከዚህ ኅብረተሰብ የወጣ አብራሪ «እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ሕይወት ጨልሞብኛል» ለማለት ፈቃዱን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ለአደጋ ማጋለጥ ይኖርበታል።

ምን ሊደረግ ይችላል?

ብዙ ተማሪዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ መሠረት ለድባቴ መድኃኒት የሚወስድ አብራሪ በመርሕ ደረጃ ለበረራ ብቁ አይደለም ይባላል፤ ነገር ግን ዝርዝሩን የመረመረው የሕክምና ባለሥልጣን ሁኔታው ሥራውን እንደማያውክ ካመነ ሊፈቀድለት ይችላል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2010 አራት ዓይነት የድባቴ መድኃኒቶችን ከተወሰነ የክትትል ጊዜ በኋላ ለአብራሪዎች ፈቅዳለች። ይኸም ማለት በሩ ዝግ አይደለም፤ ገርበብ ያለ ነው። ችግሩ አብራሪው በሩ መከፈቱን አለማመኑ ነው፤ በሕክምናው ወራት ደመወዙ የሚቆም ከሆነም አለማመኑ ሞኝነት አይደለም።

በአሜሪካ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአልኮል ሱስ የተያዙ አብራሪዎች ታክመው፣ በባልደረቦቻቸው እየታገዙ ወደ ሥራ የሚመለሱበት መርሐ ግብር አለ። በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ አብራሪዎች ወደ በረራ ተመልሰዋል። የሱስ ጉዳይ በዚህ መልክ ከተፈታ የድባቴ ጉዳይ የማይፈታበት ምክንያት አይታየንም። የአውሮፓ ኅብረትም ከጀርመኑ አደጋ በመማር፣ እያንዳንዱ አየር መንገድ ለአብራሪዎቹ የባልደረባ ድጋፍ አገልግሎት እንዲያዘጋጅ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሕግ አስገድዷል። አሠራሩ ቀላል ነው። የተጨነቀው አብራሪ የሚደውለው ለአለቃው ወይም ለፈቃድ ሰጪው ሐኪም ሳይሆን ለዚህ ተግባር ለሠለጠነ ሌላ አብራሪ ነው። ያ ሰው የሌሊት በረራን፣ የሆቴል ክፍልን፣ በበዓል ቀን ከቤተሰብ መለየትን ያውቃል፤ ማስረዳት አያስፈልግም። የሚነገረው ነገር በምስጢር ይያዛል። ምስጢሩ የሚገለጠው በሕይወት ላይ ግልጽ አደጋ ሲያሰጋ ብቻ ነው። ብዙው ችግር፣ ማለትም የትዳር ጠብ፣ ሐዘን፣ የገንዘብ ጭንቀት፣ ወደ ሕመም ሳያድግ በዚሁ ንግግር ይቃለላል ተብሎ ይታሰባል።

በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ባዕድ አይደለም። ዕድርና ማኅበር የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው፤ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው ሐዘን የሚያውቅ ሰው ነው። ልዩነቱ በዕድር ሐዘኑ የታወቀ መሆኑ ነው፤ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይመጣል። ድንኳን ለማይተከልለት ሐዘን ግን ሰው የሚመጣበትን መንገድ አስቀድሞ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ለተማሪዎች የቀረበ መልመጃ

ከላይ ያሰላነውን በራስዎ ላይ ይሞክሩት። ለሁለት ሳምንት በአንድ ደብተር ላይ በየቀኑ ሦስት ነገሮችን ይመዝግቡ፦ ከእንቅልፍ የተነሡበትን ሰዓት፣ የተኙበትን ሰዓት፣ ቡና የጠጡበትን ሰዓት። በፈተና ሰሞን ቢሆን ይመረጣል። ከዚያም በየምሽቱ መጻሕፍትዎን ሲዘጉ ለስንት ሰዓት ነቅተው እንደነበር ያስሉ፤ ከ17 ሰዓት ያለፉባቸውን ቀኖች ያስምሩባቸው። በመጨረሻም በእነዚያ ሌሊቶች የሠሩትን የሒሳብ ጥያቄ በማግሥቱ ከሰዓት በፊት እንደገና ሠርተው ስሕተቶቹን ይቁጠሩ። ውጤቱን ለክፍል ጓደኛዎ ያሳዩ፤ የእርሱንም ይጠይቁ። ጓደኛዎ «ደኅና ነኝ» ብሎ ደብተሩን ካላሳየዎት፣ ያንንም እንደ መረጃ ይመዝግቡት።